ከዲከረንሱ የሚመልሱት

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ትምህርት ሲጀመር ከዘንገና ሐይቅ ጀርባ ያለው ትንሹ ትምህርት ቤት ሁኔታው እንዲህ ነበር። ሦስት የጭቃ ክፍሎች፣ አንድ የሣር ዳስ፣ ከዋንዛ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለና ለደወልነት የሚያገለግል የመኪና ቸርኬ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉት በጭቃዎቹ ክፍሎች ይማራሉ፤ አራተኛ ክፍል በዳሱ። ዳሱ ዙሪያውን እስከ ወገብ የሚደርስ የአጠና አጥር እንጂ ግድግዳ የለውም። በስተምሥራቅ፣ በሐይቁ በኩል፣ ቀድሞ የኳስ ሜዳ የነበረው መሬት በዲከረንስ ዛፍ ተሸፍኗል። ዛፉን ከአራት ዓመት በፊት ያስተከለው የቀበሌው የትምህርት ቦርድ ነው። ሲደርስ ከሰል ሆኖ ይሸጣል፤ በገቢው የአራተኛ ክፍል ግድግዳና ወለል ይሠራል፤ ሕዝቡ ያንን ከቻለ ቆርቆሮውን ወረዳው ይሰጣል። አራተኛ ክፍል አርባ አንድ ተማሪዎች ነበሩት። በመስከረም በአንድ ቀን ከሦስት በላይ ቀርተው አያውቁም።

ክፍሉን የምታስተምረው ስሜነሽ የአገሩ ልጅ ናት፤ አዊኛውንም አማርኛውንም ከእናቷ ቤት ይዛ ነው ያደገችው። ትምህርቱ በአዊኛ ይሰጣል። ስም ጥሪው ግን ከድሮ ጀምሮ በአማርኛ ስለተለመደ ስሙ የተጠራ ልጅ «አለሁ» ይላል።

ስሜነሽ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። ወረዳው በኢንስፔክሽን ቀን ሠላሳ ተማሪ ያልተገኘበትን አራተኛ ክፍል ይዘጋል፤ ልጆቹም አስፋልት ዳር ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በዛፍ መሐል ያልፋል። በየዓመቱ አራተኛን ጨርሰው ወደዚያ ከሚላኩት ሴቶች ልጆች አብዛኞቹ ጥቅምት ሳይጋመስ ቤት ይቀራሉ። ክፍሉ ከተዘጋ እነዚህኞቹ አንድ ዓመት ቀድመው ይቀራሉ ማለት ነው።

ኅዳር ላይ ዛፉ መቆረጥ ጀመረ። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ዓለምነው ቀጥሮ ከማሠራት ለየቤተሰቡ ማካፈልን መረጡ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻውን ቆርጦ፣ አክስሎ፣ ሢሶውን ለራሱ እንዲወስድ። አባቶችና እናቶች ሲቆርጡ ክምሩን የሚጠብቁት ልጆች ሆኑ።

የከሰል ክምር በሣርና በአፈር ተደፍኖ ለቀናት ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል። አንድ ቦታ ከተነፈሰ ይነድና አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠባቂ አይለየውም። ጭሱ ደግሞ ያስተኛል። ተኝተው ያልነቁ ሰዎች በመኖራቸው በዚያ አገር አንድ ልማድ ጸንቷል፦ ጠባቂዎች በየጊዜው በስም ይጠራራሉ፤ ስሙን የሰማ፣ ማንም ይጥራው ማን፣ በአዊኛ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ዝም ካለ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጥለታል።

አንድ ጠዋት ስሜነሽ ስም ስትጠራ ምንይችል የሚባለው ተማሪ ቦታው ላይ አልነበረም። እጇ «ቀሪ» ሊጽፍ ሲል ከዛፎቹ ውስጥ ድምፅ መጣ። በአዊኛ «አለሁ» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ ክምር እየጠበቀ እኮ ነው» አለች ከፊት ረድፍ ፍቅርአዲስ። እናቷ በቀለች ትባላለች፤ ልጅቱ ቀጭን፣ ጥያቄ የማታሳልፍ ናት። «ስሙን ሰምቶ ዝም ሊል ነው?»

ስሜነሽ ሳቀች፤ ግን ቀሪ አለችው። ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ወገኔ ቢሮው አስጠራት። አቶ ዓለምነውም ተቀምጠዋል።

«ምንይችልን ለምን ቀሪ አልሽው?» አለ ወገኔ።

«የለማ!»

«ስሙን ጠራሽ?»

«ጠራሁ።»

«መለሰ?»

«ከጫካ ነው የመለሰው።»

«ጫካው የማን ነው?»

«የትምህርት ቤቱ።»

«እንግዲህ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆኖ፣ ስሙ ሲጠራ የመለሰ ተማሪ ቀሪ ይባል የሚል መመሪያ ካለሽ አምጭና አሳይኝ።»

አቶ ዓለምነው ጉልበታቸውን መታ አድርገው ሳቁ። «አንቺ ስሜ፣ የሚጠብቁት እኮ የገዛ ክፍላቸውን ነው። ከዚህ የበለጠ ትምህርት የት ይገኛል?»

«እርስዎ ይቀልዳሉ አባባ።»

«ልቀልድ እንጂ! ክፍሉ ከተዘጋ ማን ሊያስቀኝ ነው?»

ስሜነሽ ሠላሳን አሰበችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከማግስቱ ጀምሮ ከዛፎቹ የመለሰ ሁሉ እንዳለ ተቆጠረ።

ታኅሣሥና ጥር አለፉ። ጠዋት ጠዋት ጉሙና ጭሱ ተቀላቅለው በአጥሩ ላይ እየተንጠለጠሉ ወደ ዳሱ ይገቡ ጀመር። ቦታዎች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ፤ ድምፆቹ በዚያው ልክ በረከቱ። መጀመሪያ ላይ ድምፅ በመጣ ቁጥር የተቀመጡት ልጆች ወደ ዛፎቹ ይዞሩ ነበር። በጥር መጨረሻ የሚዞር ልጅ አልነበረም።

ስሜነሽ ግን ትሰማ ነበር። ነፋስ በሌለበት ቀን መልሱ ስሙ ካበቃ በኋላ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሩቅ ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነፋሱ ከዳሱ ወደ ሐይቁ በሚነፍስበት ቀን ደግሞ ቶሎ ይደርሳል። መልሱ ከነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ይህ የሚጠበቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ ስሙን ሳትጨርሰው ተመልሶላታል።

አንድ ቀን ዓይኗ ተሳስቶ ሸጋን ጠራች። ሸጋ በጥምቀት ሰሞን ከወላጆቿ ጋር ጫግኒ ገብታለች፤ ስሟም ከተሰረዘ ሰንብቷል። ከዛፎቹ ውስጥ በአዊኛ «አለሁ» የሚል የሴት ልጅ ድምፅ መጣ።

ስሜነሽ ቀና አለች። «ማናት የመለሰችው?»

ሜላት፣ ፍቅርአዲስ አጠገብ የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ፣ የዴስኩን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር።

«ሸጋ ጫግኒ ሄዳለች እኮ ቲቸር» አለች ፍቅርአዲስ።

«እሱን አውቃለሁ። የመለሰችው ማናት ነው የምልሽ።»

«እንጃ። ክምር ላይ ስም ተጠርቶ ዝም ከተባለ ሰው ይሞታል። ስለዚህ አንዱ ይመልሳል።»

ስሜነሽ ማብራሪያውን ተቀበለችው። አንዲት ልጅ ክፉ ምልክት እንዳይሆን ብላ ለጓደኛዋ መልሳለች፤ ይህ በቂ ነው። በሳምንቱ የፍቅርአዲስም ቦታ ባዶ ሆነ። የበቀለች ድርሻ ተቆርጦ ክምሩ ተለኩሷል፤ እናቲቱ ሌላውን ስትቆርጥ የሚጠብቅላት ሰው አልነበራትም።

ኢንስፔክተሩ አቶ ሽባባው በየካቲት አጋማሽ ከእንጅባራ በባጃጅ መጣ። ወገኔ በዋዜማው በየቤቱ ዞሮ ልጆቹ ሁሉ ክፍል እንዲገቡ ለምኖ ነበር፤ የጋለ ክምር ግን ለኢንስፔክተር ተብሎ አይተውም። የመጡት ዐሥራ ሰባት ናቸው። ወገኔ ስለ ግቢው፣ ስለ መመሪያውና ስለሚሠራው ክፍል ሲያስረዳ ሽባባው በመጨረሻው ዴስክ ተቀምጦ ጫማውን ከአፈር ያራግፍ ነበር።

«አቶ ወገኔ፣ ስንት ነገር ቆጥሬአለሁ፤ ዛፍ ስም ሲጠራ የሚመልስበት ትምህርት ቤት ግን ገና ነው ያየሁት።»

«ዛፉ አይደለም ጌታዬ፣ ልጆቹ ናቸው። ከፈለጉ አንድ በአንድ ሄደን እናያቸዋለን።»

«እሺ። እህት፣ ጥሪ። ሠላሳ ከሞላ ሄጄ አያለሁ። ካልሞላ ጫማዬን በከንቱ አላበላሽም።»

ስሜነሽ በፊደል ተራ መጥራት ጀመረች። ለእያንዳንዱ መልስ ሽባባው በጣቱ ዴስኩን አንድ ጊዜ ያንኳኳል። በክፍሉ ያሉት በአማርኛ መለሱ፤ ከዛፎቹ ያሉት በአዊኛ። ዝም ያሉም ነበሩ፤ ወደ አዘና ገበያ የሄዱ ናቸው። ነፋሱ ከዳሱ ወደ ሐይቁ ይነፍስ ስለነበር በዚያ ቀን ጭስ ወደ ክፍሉ አልገባም። በዝርዝሩ መጨረሻ የቀረችው ፍቅርአዲስ ብቻ ስትሆን ጣቱ ሃያ ዘጠኝ ጊዜ አንኳኩቶ ነበር።

«ፍቅርአዲስ።»

«አለሁ።»

መልሱ በአማርኛ ነበር። ከዛፎቹ አልመጣም። ከፊት ረድፍ፣ ከባዶው ቦታ ነው የመጣው። ዴስኩ ላይ ብቻዋን የነበረችው ሜላት ሰው ሊቀመጥ ሲል እንደሚደረገው ወደ ዳር ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

ሽባባው አንኳኳ። «ሠላሳ» አለ።

የወገኔ ፊት በራ። ስሜነሽ ጠመኔውን እንደያዘች ቆማለች። ክምር ላይ የተቀመጠ ልጅ በአማርኛ አይመልስም። በአማርኛ የሚመልሰው ዴስክ ላይ ያለ ነው፤ ዴስኩ ላይ ደግሞ ማንም የለም።

«ፍቅርአዲስ!» አለች ደግማ፤ ወደ ዛፎቹ ጮክ ብላ።

ምንም አልነበረም።

«መልሳለች እኮ፣ መዝገቡን ዝጊው» አለ ወገኔ በዝግታ።

«ከየት ነው የመለሰችው?»

«ስሜነሽ! ሠላሳ ሞልቷል። ምን ሆነሻል?»

እሷ ግን ልጅቱ ዝም ብላለች፤ ዝም ላለ ደግሞ ይሮጣል። ጠመኔውን ጣለችና አጥሩን ተሻግራ ሮጠች።

የበቀለች ክምር በዛፎቹ ጥግ፣ ወደ ሐይቁ በሚያዘቀዝቀው በኩል ነበር። ፍቅርአዲስ ጭሱ በሚተኛበት በኩል በደረቷ ተደፍታ አገኘቻት። እጇ ቀዝቅዟል፤ ጉንጯ ላይ የሣር ቅርጽ ታትሟል። ጭሱን በሻሿ እየተከላከለች ጎትታ ነፋስ ወዳለበት አወጣቻት። እየጮኸች ጠራቻት፤ በአማርኛም፣ በአዊኛም። ልጅቱ ብዙ ቆይታ አስመለሳት፤ ከዚያ ተነፈሰች።

በቀለች መጥረቢያዋን እንደያዘች ደረሰች። «ልጄን! ልጄን! መች ተኛች? ከነጋ ሁለቴ ጠርቻት መልሳልኛለች እኮ!»

ፍቅርአዲስ ዓይኗን ገለጠች። ስሜነሽን አየችና ተቆጣች፤ ያለጥፋቷ እንደተያዘች ልጅ።

«ቲቸር፣ አልቀረሁም። ክፍል ነበርኩ። ሜላት ቦታ ለቃልኛለች።»

ስሜነሽ ሻሿን አጥፋ ከልጅቱ ራስ ሥር አደረገችላት።

ሽባባው በዚያን ጊዜ ከኋላ ደርሶ ነበር፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በአመድ ነጥቷል። ሠላሳ ስለሞላ ቃሉን ለመጠበቅ ክምሮቹን አንድ በአንድ ዞረ። በእያንዳንዱ ላይ ከዝርዝሩ ያለ ልጅ ነቅቶ ተቀምጦ አገኘ። መጀመሪያ ምንይችልን ጠየቀው።

«አሁን ስምህ ሲጠራ መልሰሃል?»

ምንይችል ዙሪያውን አየ። «አሁን? መች ተጠራን? ዛሬ ከዳሱ ምንም አልሰማንም።»

ሌሎቹንም ጠየቀ። ሁሉም ያሉት አንድ ነው፦ ስም ጥሪ አልሰሙም፤ ስላልሰሙም አልመለሱም። ሽባባው ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ወደ ዳሱ ሲመለስ በዛፎቹ መሐል አላለፈም፤ በዳር በኩል ዞረ። ባጃጁ ጋ ሲደርስ ወገኔ እጁን ያዘው።

«ጌታዬ፣ በዓይንዎ አይተዋቸዋል። ሁሉም አሉ።»

«ያየሁትን አይቻለሁ፤ የሰማሁትን ግን ልጽፈው አልችልም» አለ ሽባባው። «ዴስክ ላይ ያየኋቸውን እጽፋለሁ።» ከዚያ ወደ ስሜነሽ ዞረ። «እህት፣ እዚያ ፊት ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ ለማን ነው የተጠጋችው?»

ባጃጁ ሄደ።

አራተኛ ክፍል ከመጋቢት መጀመሪያ ጀምሮ ተዘጋ፤ ስሜነሽም ከልጆቹ ጋር ወደ አስፋልቱ ትምህርት ቤት ተዛወረች። የዲከረንሱ መሬት በሚያዝያ ጉቶ ብቻ ሆነ። አዲሱ ክፍል በግንቦት አለቀ፤ ወረዳው ቃሉን ጠብቆ ቆርቆሮውን ሰጠ፤ አቶ ዓለምነውም ቁልፉን ለወገኔ አስረከቡ። የሚገባበት ተማሪ ስላልነበረ ተቆለፈ።

ስሜነሽ በአስፋልቱ ትምህርት ቤት በየጠዋቱ አርባውንም ስም መጥራቷን አልተወችም። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ትንሽ ትጠብቃለች። በክፍሉ ካሉት በቀር የሚመልስ አልነበረም። በሰኔ ማጠቃለያ ፈተና ከአርባው የተቀመጡት ዘጠኝ ነበሩ፤ ከዘጠኙ ሴቶቹ ሁለት።