የቅሬው ድንኳን የት አለ?

«አጥፊው አልኩሽ እኮ!»

ሙሉሐረግ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል አላነሳችም። ጋሽ ዘማርያም ግን ስልካቸውን አፍንጫዋ ሥር ደቀኑት። የመካነ ሰላም ሰው ለቀብር ቢያረፍድ እንኳ ለቴሌግራም ወሬ አያረፍድም፤ የቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ አባል ሁሉ አይቶታል። «የሰፈር ዓይን» የሚባል፣ ፎቶም ስልክ ቁጥርም የሌለው ሰው በቅሬው ግሩፕ ላይ ጽፏል፦ «ድንኳናችን ደጎሎ ሠርግ ሲጨፈርበት እኛ ለሐዘንተኛ ላስቲክ እንወጥራለን። እቃ ያዡ ይጠየቁ።»

እቃ ያዡ ጋሽ ዘማርያም ናቸው። ግሩፑን የምትጠብቀው ደግሞ፣ ስልክ መነካካት ታውቃለች ተብላ፣ ልብስ ሰፊዋ ሙሉሐረግ።

«ውሸት ከሆነ እዚያው ይመልሱለታ፤ ማን አፍዎን ያዘው?»

«ፊት ለሌለው ነው የምመልስ? ወይስ አንቺው ነሽ?»

«እኔ?»

«ማን ያውቃል! ካላጠፋሽው ከቅሬ ትወጫለሽ። እናትሽን ማን እንደሚቀብርልሽ አያለሁ።»

እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ከፍልሰታ ጀምሮ ተኝተዋል፤ ሰምተዋል። ሙሉሐረግ ልታጠፋው ጣቷን ዘረጋችና መለሰችው። ብታጠፋው «አብራ በልታለች» መባሉ አይቀርም። ማን ጻፈው እያለች፣ የሱሪ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣውን ደንበኛዋን ምናለን ሳይቀር «ይሄ ዛሬ ምን አስቸኮለው?» ብላ በጎን አየችው። ምናለም ሱሪውን ነጥቆ ወጣ፤ እሱም እሷን ጠርጥሮ መሰለኝ።

ከሰዓት ጎረቤቷ ጠይባ መጣችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እቴ ሙሉ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ውይ! ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«በአውጫጭኝ ጊዜ ወፍ ለማን ነበር የምትናገረው? ሽማግሌዋ ዛሬ አንቺ አይደለሽ?»

ድሮ ከብት ሲሰረቅ አገሩ ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል። አይቶ የፈራ ሰው «ወፍ» ሆኖ ለሽማግሌዎቹ በጆሮ ይነግራል፤ እነሱም ያስምሉትና ስሙን ይደብቁለታል። ሙሉሐረግ ግሩፑን ስትረከብ ሽምግልናውም አብሮ እንደተሰጣት የነገራት አልነበረም።

«በዓይንሽ አየሽ?»

«ወላሂ! ለእህቴ ልጅ ኒካ ደጎሎ ሄጄ፣ አንቺ ሰማያዊ የጣፍሽበትን የድንኳኑን ጥግ አየሁት።»

«ሰማያዊ የተጣፈ ድንኳን የኛ ብቻ ነው?»

«እሱን እንጃ።»

ይቺ «እንጃ» አልጣመቻትም። ጠይባና ጋሽ ዘማርያም ደግሞ በአጥር ከተኳረፉ ሰንብተዋል።

ማምሻውን ጋሽ ዘማርያም ደወሉ። «ማን እንደሆነ ደረስሽበት?»

«ደርሼበታለሁ። ግን አልነግርዎትም። ድንኳኑ የት ነው?»

«መጋዘን ነዋ!»

«እንግዲያው እሁድ ሜዳው ላይ እንትከለውና ሁሉም ይየው።»

«የመጋዘኑን ቁልፍ... ልጄ ይዞት ወረኢሉ ሄዷል።»

«እስከ እሁድ ይመለሳላ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሙሉሐረግ በግሩፑ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ምን እያልሽ ነው?» አሉ እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ።

አነበበችላቸው፦ «ጽሑፉ እስከ እሁድ አይጠፋም። እሁድ ድንኳኑን ሜዳ ላይ እንትከለው። ከተገኘ ጽሑፉን አጠፋለሁ፤ የጻፈውም በእኔ በኩል ይቅርታ ይጠይቃል። ካልተገኘ እቃ ያዡ ይመልሱ። የጻፈውን ሰው ስም አልናገርም፤ በዚህ የሚቆጣ እኔን ከቅሬ ያውጣኝ።»

እናቷ መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ።

«ስምሽ ይታያል?»

«ይታያል፣ እማ።»

«እንግዲያው ላኪው።»