ጥርስ ያብጣል?

ከጠዋት ጀምሮ ወይዘሮ ሸዋረገድን ያመናቸው የለም። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ካደረበት ብርጭቆ ሲያወጡት ወፍሯል፣ ለስልሷል። ልጃቸው ዕፀ ሕይወት ግን የመኪናዋን መሪ እንደያዘች ሳቀች።

«ጥርስ ያብጣል እንዴ፣ እማዬ? ድድሽ ነው።»

ባዶ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሟገቷት ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ድስት አሳርረው፣ የጭሱ ደወል ሌዊስቪል የሚኖሩበትን ሕንፃ ሰው ሁሉ ደጅ አውጥቶታል። «ሌላ ነገር ከተፈጠረ የቤት ኪራይ ሊዙን ካንስል አደርገዋለሁ፤ ፕሌኖ መጥተሽ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ» ብላቸዋለች ልጃቸው። ዛሬም የእናቷን በር ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ የከተተችው እሷ ናት።

ፎርት ዎርዝ ሲደርሱ ጥርስ ሠሪው ኃይለ መስቀል ጥርሱን መብራት ሥር አገላበጠ። በጥፍሩ ጫን ሲያደርገው ምልክቱ ቀረበት። አሸተተው።

«አብጧል» አለ።

«ሰማሽ?» አሉ ሸዋረገድ። «ወይስ ጆሮሽም አብጧል?»

«ፕላስቲክ እንዴት ያብጣል?»

«ይጠጣላ! ውሃ ብዙም አያደርገው። አሴቶን ግን ውስጡ ሰርጎ ያላላዋል፣ ይነፋዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ማለቴ ነው።»

ዕፀ ሕይወት ጥፍሮቿን አየች። እሑድ የማስለቀቂያውን ጠርሙስ እናቷ መታጠቢያ ቤት ትታው ሄዳለች።

ሸዋረገድ ጠርሙሱን አስታወሱ። ሰማያዊ ነበር፤ የጥርሱ ማጠቢያም ሰማያዊ ነው። የተጻፈበትን ማን ያነብላቸዋል? ሽታው አፍንጫቸውን ሲሰነፍጣቸው፣ መድኃኒቱ ዛሬ በረታ ብለው ነበር።

ኃይለ መስቀል ሁለቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዳንዴ እኮ፣ እማማ፣ ዕቃው ራሱ ብልሽት ይኖረዋል…»

«ለእኔ ብለህ ዕቃ አትስደብ። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ብትጠጪውስ ኖሮ?» ዕፀ ሕይወት ወደ እናቷ ዞረች። «ሳታዪ አፍሽ ብትከቺውስ?»

«አልከተትኩትም። አብጧል አልኩሽ፤ አንቺ ሳቅሽ።» ወደ ጥርስ ሠሪው ዞሩ። «ሲደርቅ ይመለሳል?»

«ፈሳሹ ቀስ እያለ ይወጣል። ቅርጹ ግን እንደነበረው አይሆንም። ሌላ እንሠራለን።»

ዕፀ ሕይወት ሶፍት ፍለጋ ቦርሳዋን ከፈተች። ቁልፉ ተንቃጨለ። ሸዋረገድ ነጠላውን ከአፋቸው አወረዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«እንባሽን ኋላ ትጠርጊያለሽ። መጀመሪያ ቁልፌን አምጪ፤ ከዚያ ጠርሙስሽን ከቤቴ ታወጪያለሽ።»