ቤት የሌለበት ቀብድ

ሰፈሩ ሁሉ «አስር ደቂቃ» እያለ ይጠራዋል። የቤት ደላላ ነው፤ የትኛውንም ቤት ሲያሻሽጥ «ከዋናው መንገድ አስር ደቂቃ ነው» ማለት ልማዱ ነው። ደንበኛው ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ለግማሽ ቀን የተጓዘ ያህል ደክሞት ሲደርስ እንኳ ከቃሉ ንቅንቅ አይልም። «ዛሬ እያወራን ቀስ ብለን ስለመጣን ነው» ይላል።

ምላሱ ጤፍ ይቆላል። በእሱ አፍ ጠባብ ክፍል «ለማጽዳት የማያደክም» ነው፤ ጨለማ ክፍል «ለእንቅልፍ የተመቸ»፤ ጣሪያው የተቀደደ ቤት ደግሞ «አየር እንደ ልብ የሚገባበት»። ደንበኛ ሲያመነታ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ማንም በሌለበት መስመር «ኧረ ቀብዱን ይዛችሁ አትምጡ፣ እዚህ የቀደሟችሁ ሰዎች አሉ!» ብሎ ይጮሃል። ነገሩ ከጠናበት ጓደኛውን ባለጃንጥላውን ይጠራል። ባለጃንጥላው ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ ደላላ ነው። የእሱ ድርሻ ሌላ ገዢ መስሎ መግባትና ግድግዳውን እያንኳኳ «አቤት አሠራር!» ማለት ነው።

አስር ደቂቃ በዚህ ሁሉ አንድም ቀን ራሱን እንደ አጭበርባሪ ቆጥሮ አያውቅም። «ውሸት እንደ ቀለም ነው» ይል ነበር፤ «ግድግዳ ከሌለ ምን ላይ ትቀባዋለህ?»

ለሰው ሁሉ ቤት ሲያገኝ የኖረው ይህ ሰው ራሱ ተከራይ ነበር። ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠባብ ኮሪደር፣ ወደ መንገዱ የሚከፈት ሰፊ መስኮት። ሚስቱ ጸጉር ሠሪ ናት፤ በሰው ሳሎን ቆማ እየዋለች እግሯ አብጦ ትመለሳለች። አከራይዋ እትዬ አርጅተው ልጃቸው ጋ ለመሄድ ሲነሱ ባልና ሚስቱን ጠሯቸው። «ከባዳ ይልቅ ለእናንተ ብሸጠው ደስ ይለኛል። እስክሄድ ድረስ እጠብቃችኋለሁ» አሏቸው። ሚስቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ የፊተኛውን ክፍል በሐሳቧ የራሷ ሳሎን አደረገችው። መስታወቱ እዚህ፣ ወንበሮቹ እዚያ፣ እያለች ግድግዳውን በስንዝር ትለካለች። ለዓመታት ሲቆጥቡ ኖረዋል፤ የጎደላቸው ጥቂት ነበር። አስር ደቂቃን ገደል የከተተችው ታዲያ ይቺ ጥቂት ናት።

አንድ ቀን ስልኩን ሲከፍት፣ ሳይጠየቅ «የንጋት ኮይን ባለሀብቶች» የሚባል ቡድን ውስጥ ተጨምሮ አገኘ። ነገሩ ክሪፕቶ የሚሉት፣ በእጅ የማይዳሰስ የኢንተርኔት ገንዘብ ነው። ወዲያው «አማካሪ ነኝ» የምትል፣ በፎቶዋ ላይ ውድ መኪና ተደግፋ የቆመች ሴት ጻፈችለት። «ጋሼ፣ ያስገቡት ገንዘብ በአንድ ወር እጥፍ ይሆናል። ኪሳራ የሚባል ነገር የለም። የቀሩን ግን ጥቂት ቦታዎች ናቸው፤ ዛሬ ማታ ይዘጋል።»

ሌላው ሰው ይህን ሲያይ ወይ ይጎመጃል፣ ወይ ይፈራል። አስር ደቂቃ ግን ሳቁ መጣ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሮጦ ሄዶ ደላሎች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ባለጃንጥላውን አገኘውና ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነለት።

«ተመልከት እስቲ፣ ይህቺ የእኛ ልጅ ናት! ‹ዛሬ ማታ ይዘጋል› የምትለው፣ እኛ ‹ሌላ ገዢ እየመጣ ነው› የምንለው ነው። ቡድኑ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ደግሞ እያቸው፤ ‹ሕይወቴን ቀየረችው› እያሉ የሚጽፉት፣ ሁልጊዜ ተከታትለው ነው። የተቀጠሩ ናቸው።»

«እንደኔ ናቸዋ» አለ ባለጃንጥላው።

«እንዳንተ ናቸው፤ ግን ይበልጡሃል። አንተ ‹አቤት አሠራር› ከማለት ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«ቆይ፣ ውሸት መሆኑን ካወቅክ ምን ትሠራለህ እዚህ ውስጥ?»

አስር ደቂቃ ተማሪው እንዳልገባው መምህር ፈገግ አለ። «ውሸትማ ውሸት ነው። እኔ ስዋሽ ቤቱ የለም እንዴ? አንተ የምታንኳኳው ግድግዳ ግድግዳ አይደለም? ሰው ይህን ያህል ተጠብቦ የሚዋሸው፣ የሚሸጠው ነገር ቢኖረው ነው።»

«የቤቱን ቁልፍ ማን ይዞታል?»

«ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው፣ ምን ቁልፍ አለው?»

«ስማ፣ ማር ያገኘ ሰው መንደር ይጠራል? እጥፍ የሚሆን ነገር በእጇ ካለ፣ እናቷን ትታ አንተን ምን አስፈለጋት? ይሄ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ወፍ የለም እልሃለሁ!»

«ቅናት ነው» አለና አስር ደቂቃ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተነሣ።

እንዲያውም ዝም ብሎ ዘሎ አልገባም። ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃው መውረዱን ያያል። እሱም ትንሽ ገንዘብ አስገባ፤ ከሳምንት በኋላ «አውጡልኝ» አለ። ከነትርፉ መጣለት። ውሃው ወረደ! ገዢ ሊመጣ ሲል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ባዶውን በርሜል በባልዲ የሚሞላው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝም አላለው። በማግስቱ የቤቱን ገንዘብ በሙሉ ላከ። ለሚስቱ አልነገራትም። እጥፉን ይዞ ገብቶ ሊያስደንቃት ነበር።

ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር በየቀኑ ሲያድግ፣ የአስር ደቂቃም አረማመድ አብሮ ተቀየረ። እትዬ ሻንጣቸውን መሸካከፍ ሲጀምሩ፣ ኮራ ብሎ ለአማካሪዋ ጻፈላት። «በይ ልጄ፣ ገንዘቤን አውጪልኝ።»

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ከመውጣቱ በፊት ግን ግብሩን መክፈል ይጠበቅብዎታል።»

«ምን ችግር አለ? ከላዩ ላይ ቀንሱት።»

«ሲስተሙ አይፈቅድም ጋሼ። ግብሩ ከውጭ አዲስ ገንዘብ ሆኖ ነው የሚገባው።»

አስር ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋበት ያህል ደነገጠ። የዓለም ደላላ ሁሉ ቢሰበሰብ፣ ሽያጭ ካለ ኮሚሽኑን ከሽያጩ ላይ ያነሣል። ካለው ላይ መቀነስ ያቃተው፣ ያለው ነገር የለውም ማለት ነው። ወዲያው ጻፈላት። «ልጄ፣ እኔም ደላላ ነኝ። በሙያችን ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ቤቱ አለ?»

ሴትዮዋ አንድ የቀይ አበባ ምስል ላከችለትና ከቡድኑ አስወጣችው።

ለሚስቱ የነገራት ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። አልጮኸችም።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ውሸት መሆኑን አላወቅክም ነበር?»

አላወቅኩም ቢል ይቀልለት ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ የኖረው አፉ እዚህ ላይ ተያዘበት። «አውቄ ነበር» አላት።

«ሳታውቅ ተታልለህ ቢሆን አዝንልህ ነበር» አለችና አንዱን ጫማዋን እንደያዘች አለቀሰች። እሱ ከዚያ በፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ፖሊስ ጋ ሄዶ አመለከተ፤ መርማሪው ቃሉን ተቀብሎ ተስፋ ሳይሰጠው ሸኘው። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «የተበሉትን ገንዘብ በትንሽ ክፍያ እናስመልሳለን» የሚሉ ሌሎች ጻፉለት። ይህንንስ ለባለጃንጥላው እንኳ ሳያሳይ ሰረዘው።

እትዬ ነገሩን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ፤ ግን መሄዳቸው አልቀረም። «እንግዲህ ልጄ፣ ለሰው ሽጥልኝ። ኮሚሽኑ እንኳ ላንተ ይሁን» አሉት። እምቢ ቢል ሌላ ደላላ ይጠራሉ። ስለዚህ አንድ መላ ዘየደ። ገዢ በመጣ ቁጥር ያባርራል፤ ገዢ ሲጠፋ እትዬ ቁልፉን ትተውላቸው ይሄዳሉ፤ እነሱም እየሠሩ ቀስ በቀስ ይከፍላሉ። ለማባረር ደግሞ መዋሸት አያስፈልገውም። ይህን ቤት ለማስጠላት እውነቱን መናገር ብቻ ይበቃ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። በሩን ከፍቶ ገና ሰላምታውን ሳይጨርሱ ጀመረ።

«ጣሪያው ያፈሳል። ዝናብ ሲመጣ እዚህ ጋ ባልዲ፣ እዚያ ጋ ድስት እናስቀምጣለን። ውሃ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ከጀርባ የእንጨት መሰንጠቂያ አለ፤ መጋዙ በጠዋት ይቀሰቅሳችኋል። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ደግሞ ላብ ያልበዋል፣ በእጃችሁ ንኩት።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ሰውየው እውነትም ግድግዳውን ነካ፤ ረጠበበት። «ይገርማል!» አለ። «ስንት ቤት ስናይ ከረምን፣ ስንቱ ደላላ ሲያታልለን! እንዳንተ ያለ ሰው አጋጥሞን አያውቅም።»

አስር ደቂቃ ላብ አጠመቀው። «ኧረ መሠረቱም አያስተማምንም» ብሎ ጨመረ። ሰውየው ይባስ ብሎ ፈገግ አለ።

ወጣቷ ግን ጠንቃቃ ናት። ኮሪደሩ ላይ ወደቆመችው የአስር ደቂቃ ሚስት ዞረች። «እህቴ፣ የምትኖሪበት አንቺ ነሽ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ቤቱ እንዴት ነው?»

አስር ደቂቃ ሚስቱን በዓይኑ ለመናት። «አይረባም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ትበቃ ነበር።

ሚስቱ አየችው፤ ፊቷን ወደ ወጣቷ መለሰች። «እሱ እንዳለው ጣሪያው ማፍሰሱም፣ መጋዙም እውነት ነው። መሠረቱ ግን ደህና ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጥሩ ቤት ነው። ያ መስኮት ጠዋት ጠዋት ክፍሉን በብርሃን ይሞላዋል። እኛ ራሳችን ልንገዛው ነበር።»

አስር ደቂቃ ስንት ዓመት ሲሸጥ ኖሮ፣ እንዲህ ገዢን የሚያስር ቃል ከአፉ ወጥቶለት አያውቅም። ወጣቷ ባሏን በክርኗ ነካ አደረገችው። ባሏ ቀብዱን አውጥቶ አስር ደቂቃ እጅ ላይ አስቀመጠና ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አለው። «ወደ ታማኝ ሰው ነው የተላክነው።»

የአስር ደቂቃ ሚስት ወደ ውስጥ ገብታ ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀምራ ነበር።