ስንዝር ከጡጫ

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኔ ለእናቴ ነኝ፤ አልደብቅም። ጋራዤ ውስጥ መዶሻ ሲወድቅ ልቤ ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ይደርሳል። ችግሩ እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ አለመሆኑ ነው። ታናሽ እህቴ ደብሪቱ ዳባት አስተማሪ ነበረች፤ እሷ የምትፈራው ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ በቀበሌ ስብሰባ ስሟ ከሚፈለጉት ጋር ሲነበብ በጓሮ ዘልላ ወለተ ማርያም ከሚባሉ ባልቴት ቤት ገባች። ከእህል ጎታ ጀርባ እንደተቀመጠች ጥር ደረሰ።

መውጫዋ አንድ ነበር። ከዳባት እኔ ወዳለሁበት ወደ ደባርቅ በመኪና፣ ከደባርቅ አምባራስ በእግር። አምባራስ ላይ አያ ያርጋል የሚባሉ የአባታችን ወዳጅ ተቀብለው ወደ ቆላ ሊያሻግሯት ቃል ገብተዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ገደሉም ጅቡም አልነበረም። ደባርቅ መግቢያ ላይ ያለው ኬላ ነበር፤ ኬላው ላይ ደግሞ አገኘሁ የሚባለው ሰው።

አገኘሁ ድሮ በበቅሎ ጭኖ የሚነግድ ሰው ነበር። በቅሎ በሩቅ ስትመጣ የኋላ እግሯን አረጋገጥ አይቶ የጫነችውን ይናገራል፤ አይስትም። ዘመኑ ሲለወጥ ጠመንጃ ተሰጠውና ሚሊሺያ ሆነ። አገሬው ሁሉ «አያ አገኘሁ» ይለው የነበረውን ትቶ «ጓድ» ካልተባለ ይቆጣ ጀመር። ያቺን የበቅሎ ዕውቀቱን ግን አልተዋትም፤ ወደ መኪና አዞራት። መኪና ኬላው ላይ ሲቆም ይንበረከክና በባሌስትራውና ከላዩ ባለው የመኪናው አጥንት በሻንሲው መካከል እጁን ይሰዳል። ባሌስትራ ማለት መኪናውን ከኋላ የሚሸከመው የብረት ንብርብር ነው፤ ሸክም ሲበዛበት ይተኛል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ባዶ ላንድሮቨር ለአገኘሁ ስንዝር ከጡጫ ይሰጠዋል፤ አራት ኩንታል የጫነ ስንዝር ብቻ። በኅዳር አንድ መኪና ወረቀቱ ሦስት ኩንታል እያለ ጡጫ ብቻ ሰጠው። ጆንያውን ሲያወርዱ እዚያው ነበርሁ፤ ከስር ሁለት ሰዎች ወጡ። ወዴት እንደተወሰዱ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ደርበው ረጅም ላንድሮቨር ያለው እህል ነጋዴ ነው። ደብሪቱን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሦስት ጊዜ «አስተምሬ ልኑርበት» ተብሎ ተመልሷል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ጠዋት ጋራዤ ድረስ መጥቶ፣ «አሻግሬ፣ መኪናዬን ከኋላ አንሣልኝ» ያለኝ። ወለሉ ላይ ወፍራም ሣንቃ ሊመታ፣ ከሣንቃው ስር ሰው የሚያስተኛ ሣጥን ሊሠራ፣ ከላይ አራት ኩንታል ጤፍ ሊጭን አስቧል። «ሣንቃውም፣ ሣጥኑም፣ እሷም ተደምረው መኪናው እንዳይተኛብን። አገኘሁ ስንዝሩን ያግኝ።»

ሊማሊሞ ላይ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ ነበረኝ። ቅጠል የምንላቸውን ንብርብር ብረቶች በልክ ቆርጬ፣ አግዬ፣ ቀጥቅጬ በግራና በቀኝ ጨመርሁ። ጎማውንም ከፍ ባለ ለወጥሁት፤ መሪውን ስናዞር የፊቱ ጎማ የጭቃ መከላከያውን ስለነካ ጠርዙን በመጋዝ ቆረጥሁለት። የድሮዎቹ ዳዶዎች ለአዲሱ ወፍራም ቡሎን ጠበቡ፤ ስምንቱን ፈትቼ ጣሳ ውስጥ አኖርሁ።

«ለአንድ ጎን ሁለት ቅጠል ይበቃል» አለኝ ደርበው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም። መካኒኩ እኔ ነኝ» አልሁት።

ሁለት አስገባሁ። ከዚያ የእነዚያ የኅዳር ሰዎች ፊት ትዝ አለኝና ሦስተኛ ጨመርሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ደግሞ አገኘሁ ሲንበረከክ ታየኝ፤ በማግስቱ አራተኛ ጨመርሁ። ፍርሃት ሚዛን የለውም። ጭኜ መሞከር ነበረብኝ፤ ማንም መካኒክ የሚያውቀው ነው። አልሞከርሁም። እኔ የፈራሁት የመኪናውን መተኛት እንጂ መቆሙን አልነበረም።

በገበያ ቀን ዳባት ሄድን። እኔም አብሬ ነበርሁ፤ ደርበው «እህትህ ናት፣ አብረህ ትሄዳለህ» ብሎኝ ነው። ወለተ ማርያም ግቢ ውስጥ መኪናውን አስጠጋንና ደብሪቱ ከጓዳ ወጣች። ሰውነቷ አልቆ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው፤ ቀሚሷ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። እግሯን አንሥታ ሣጥኑ ውስጥ ስትገባ መኪናው ድምፅ እንኳ አላሰማም። ሣንቃውን ገጠምን፣ አራቱን ኩንታል ከላይ ጫንን። ወደ ኋላ ዞሬ ባሌስትራውን አየሁት። እንደ ባዶ መኪና ቆሟል።

«ደርበው፣ ድንጋይ እንጨምር» አልሁ።

«ኬላው ድንጋዩን ሲያይ ምን ልትለው ነው? ወረቀቱ የሚለው አራት ኩንታል ጤፍ ነው።»

«ቅጠሉን ልፍታ…»

«እዚህ? ግቢው በር ላይ ሰው እየቆመ?» አለኝና ሞተሩን አስነሣ። የፈሩት ይደርሳል ያሉት እንዲህ ነው፤ ያውም ራሴ በመዶሻ ቀጥቅጬ ያመጣሁት።

ኬላው ላይ አገኘሁ ወረቀቱን አነበበ፣ ጆንያዎቹን ቆጠረ፣ ተንበረከከ። እጁ ገባ። ስንዝሩን ዘረጋ፤ ከስንዝሩ በላይ ጡጫውን አስቀመጠ። ጡጫው ገባለት። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ስንዝር ከጡጫ» አለ። «ወረቀቱ አራት ኩንታል ይላል፤ መኪናው ባዶ ነኝ ይላል። ማንን ልመን? ጆንያው ውስጥ ገለባ ነው እንዴ ያለው? ከገለባው ስርስ ምን አለ? አውርዱ!»

ሚሊሺያዎቹ ሁለት ጆንያ አወረዱ። ሦስተኛው ከተነሣ የሣንቃው መክፈቻ ይታያል። ደርበው መሪውን ይዞ እንደ ድንጋይ ደርቋል። እኔ በሕይወቴ ሰው ፊት ቀድሜ ተናግሬ አላውቅም፤ አፌ ግን ተከፈተ።

«አያ አገኘሁ!»

ሁሉም ዞሩ። አያ ማለቴ የገባኝ ካልሁት በኋላ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ባሌስትራውን አብዝቼበት ነው። አራት አራት ቅጠል ጨመርሁበት፤ አላውቅበትም። ጤፉ ጤፍ ነው፣ ጆንያውን ወግተህ እየው። አልተኛ ያለው ብረቱ ነው።»

አገኘሁ የወረደውን ጆንያ በሳንጃ ወጋ። ጤፉ ፈሰሰ። ዘግኖ አየውና ወደ እኔ ተመለከተ። «አራት ቅጠል! እስቲ ብረትህ ይፈተን። አምስት ሰው ይውጣበት።»

አምስት ሚሊሺያዎች ከነጠመንጃቸው ወጡ፤ ጆንያው የተነሣበት ባዶ ሣንቃ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ከእነሱ ጫማ ስር እህቴ ነበረች። ሣንቃው ለመጥ ሲል አየሁት። አገኘሁ ተንበርክኮ እጁን ሰደደ። «ሁለት ጣት ብቻ ወረደ!» አለ፤ እንደ ልጅ ደስ አለው። «እስቲ ዝለሉ!»

ዘለሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንዳትጮህ ፈራሁ። በሁለተኛው ሣንቃው ሲንቋቋ ሰማሁ። በሦስተኛው ደግሞ ለምን አልጮኸችም ብዬ ፈራሁ፤ ከመጀመሪያው ፍርሃት ይህኛው ባሰብኝ። ሱሪዬ ርሶ ነበር፤ ዘይት የጠጣ ሱሪ ስለሆነ ማንም አላወቀብኝም።

«ይህስ በቅሎ አይደለም፣ ግንብ ነው» አለ አገኘሁ እየሳቀ። «ጫኑለት። ስማ አሻግሬ፣ የእኛም መኪና እንደዚሁ ላንድሮቨር ነው። እስረኛ ስንጭን ኋላው እየተኛ ጎማ ጨረሰብን። ሰኞ አመጣልሃለሁ፣ እንዲህ አድርገህ ትገጥምልናለህ።»

«እሺ ጓድ።»

«ቅድም አያ ብለኸኝ አልነበር? ምነው አሁን?» አለና ፊቴን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ገመዱን አወረደልን።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ ያለበት ጥግ አስገብተን ጆንያውን እየወረወርን ሣንቃውን ከፈትን። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳዋለች፣ ነጠላው ደም ነክቶታል። ሳነሣት ጎኗን ይዛ ተቃሰተች፤ አጥንቷ ተሰብሯል። እኔ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስሁ፤ እሷ አላለቀሰችም።

«ወንድምጋሼ፣ ልትገጥምላቸው ነው?» አለችኝ።

ሁሉንም ሰምታለች። «አብሬሽ ልሂድ?» አልሁ፤ እግሬ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ሰኞ ጋራዥህ ከተዘጋ ማክሰኞ እኔን ይከተላሉ» አለችኝ። «ክፈተው። ግጠምላቸው።»

ጣሳ ውስጥ ካኖርኋቸው ስምንት የድሮ ዳዶዎች አንዱን ይዤ ነበር። መዳፏ ላይ አስቀምጬ ጣቶቿን አጠፍሁባት። «አምባራስን ያለፍሽ ቀን ለአያ ያርጋል ስጫቸው፤ ለእኔ ያምጡልኝ።» ጎኗን እንደያዘች ሄደች። ደርበው እስከ መጀመሪያው ዳገት ደግፏት ተመለሰ፤ አራተኛ ሽማግሌ የሚልክበት አገር እንደሌለ ገብቶት ነበር።

ሰኞ ጋራዤን ከፈትሁ። መኪናው መጣ። ከኋላው ወለሉ ላይ የታጠበ ግን ያልለቀቀ ነገር ነበር፤ አላየሁም ብዬ ሠራሁ። ዳዶዎቹ ዝገው ስለነበር በመሮ ቆርጬ አወጣኋቸው፤ በምትካቸው ከደርበው የተረፉትን ሰባቱን በነባሩ ቡሎን ላይ አሰርሁ። እስከ ሐሙስ አንድ ዳዶ ጎደለኝ። አገኘሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በሦስት ቀን ውስጥ ስለ አንዲት አስተማሪት ሁለት ጊዜ አንሥቷል፣ ሁለት ጊዜም ካቻቪቴ ከእጄ ወድቋል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አያ ያርጋል በግ እየነዱ መጡ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። «እንደምን አረፈዳችሁ» አሉና ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ፈትተው ሰጡኝ። «ይህ የመኪና ሳይሆን አይቀርም፤ መንገድ ላይ ወድቆ አነሣሁት።»

አገኘሁ ከእጄ ነጥቆ አገላብጦ አየው። «አንቱ ከየት ነው የመጡት?»

«ከአምባራስ።»

«አምባራስ መኪና ይገባል እንዴ?»

አያ ያርጋል ሳይቸኩሉ በጋቸውን በጆሮው ያዙ። «መኪና አይገባም፤ እኔ እወጣለሁ እንጂ። ያነሣሁት እዚህ ደባርቅ በር ላይ ነው፤ መንገዱ ደኅና ነበር፣ እግዜር ይመስገን።»

አገኘሁ ጎንበስ ብሎ ዳዶውን ቡሎኑ ላይ በጣቱ አዞረው። ልክክ አለ። «ተገኘልህ!» አለኝ። «በል ጨርስ።»

መኪናው ስር ገባሁ። እዚያ ማንም ፊቴን ስለማያይ እንባዬ በጆሮዬ ግራና ቀኝ ወረደ። ከፈለግሁ ዳዶውን በግማሽ ትቼው ሊማሊሞ ላይ ይፈታ ነበር። ማን እንደሚጫንበት ስለማውቅ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት።

«ጠበቀ?» አለ አገኘሁ ከላይ።

«ጠብቋል» አልሁት።