የጉድጓድ ውሃ

አውበሬ ከተማ ላይ መብራት ሲመጣ ልጆች እልል ይላሉ፤ ሲሄድ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ተለምዷል። የወተት ሻጮቹ ማኅበር ማቀዝቀዣ ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ የመብራትን ደጅ ሳይጠና ኖረ። ቀን ፀሐይዋ በሶላሩ ታሠራዋለች፤ ሲመሽ ፀሐይዋ ስትሞላቸው የዋለቻቸው አራት ትልልቅ ባትሪዎች ይረከቡታል። ጠዋት የጅጅጋው መኪና ሲመጣ የግመሉ ወተት ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል።

ባትሪዎቹን የምትጠብቀው አትጠገብ ነበረች። አባቷ በወታደርነት መጥቶ እዚያው ቀረ፤ እሷም እዚያው ተወልዳ ሃምሳን ተጠጋች። ከሦስተኛ ክፍል አላለፈችም። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሱዕዲ ግን፣ «አትጠገብ ግትር ናት እንጂ ውሸት አታውቅም» ብላ ነው ሥራውን የሰጠቻት።

ባትሪዎቹን የተከለው ሻርማርኬ፣ ጅጅጋ ሱቅ ያለው ባለሙያ፣ አንድ አደራ ብቻ ነበር የሰጣት፦ ውሃቸው ሲጎድል እሱ የሚልከውን የባትሪ ውሃ እንጂ ሌላ እንዳትጨምር። ግንቦት ላይ የላከላት ውሃ አለቀና ደወለችለት።

«እስከ ሐሙስ እልካለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ኤዶ» አላት። ኤዶ፣ አክስቴ እንደማለት ነው።

ሐሙስ መጣ፣ ሄደ። አትጠገብ ደግሞ መጠበቅ አልፈጠረባትም። «ውሃ ውሃ ነው! ሰው የሚጠጣውን ባትሪ የሚጠየፈው ማን ስለሆነ ነው?» አለችና፣ ያንን ማንቆርቆሪያ ሁሉ ነጭ የሚያለብሰውን የጉድጓድ ውሃ በየቀዳዳው ሞላችው።

ወር ሳይሞላ ባትሪዎቹ ሌሊቱን መዝለቅ አቃታቸው። አንድ ጠዋት የሠላሳ ሴቶች ወተት ኮምጥጦ ተገኘ። መኪናው አልጭንም ብሎ ባዶውን ተመለሰ። ሴቶቹ ወተታቸውን ደፉ፤ አንዷ እየደፋች ታለቅስ ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» ብላ ሱዕዲ ስትጠይቅ የአትጠገብ ምላስ ከልቧ ቀደመ።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ያ ሻርማርኬ አሮጌ ባትሪ ቀለም ቀብቶ አምጥቶብን ይሆናል።»

እሷስ «ይሆናል» ነው ያለችው። ወሬው ገበያ እስኪደርስ ግን «ይሆናል» መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች። ሻርማርኬ ሌባ ነው ተባለ፣ አለቀ።

በማግስቱ እሱው መጣ። ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ተቀበሉት።

«ዋሪያ፣ ቀለም ቀቢው! ሚስትህንም እንዲሁ ቀብተው ነው የዳሩልህ?»

አልፏቸው ወደ ባትሪዎቹ ገባ። ክዳኖቹን ከፍቶ በስልኩ መብራት አየ። ውስጣቸው ያለው የእርሳስ ብረት እንደ ማንቆርቆሪያ ነጭ ለብሷል። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ጀሪካን አየ፤ ከዚያ አትጠገብን። በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየች፤ ያልተበላሸ ነጠላ።

ወጣና ለሴቶቹ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እቀይርላችኋለሁ» አለ።

«አመነ! ሌባው አመነ!»

አትጠገብ መኪናው ድረስ ተከተለችው። «አውቀህ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔ ማታ ጅጅጋ እገባለሁ፣ ኤዶ። አንቺ ግን ኑሮሽ ከእነሱ ጋር ነው።»

ቢሰድባት ትችለው ነበር፤ ለስድብ መልስ አጥታ አታውቅም። ይህ ግን ስድብ አልነበረም። ፊቷ እንደ ምጣድ ጋለ። እሱ ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ፊት ሄዳ ቆመች።

«ውረድ!»

«አቦ ተዪኝ፣ መንገድ አለብኝ።»

«ካልወረድክ በላዬ ላይ ሂድ!»

ወረደ። እጅጌውን ይዛ ወደ ግቢው መለሰችው።

«ስሙኝ! የጉድጓድ ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። እንዳትጨምሪ ብሎኝ ነበር። አሮጌ ነው ያልኩትም ውሸቴን ነው።»

ያቺ ያለቀሰችው ሴት አንዴ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ከስድብ ሁሉ ያ ባሰ።

«ጨረስሽ?» አለች ሱዕዲ።

«ጨረስኩ።»

«ወላሂ አልጨረስሽም። ስሙ የጠፋው እዚህ ግቢ ብቻ ነው?»

አትጠገብ ተከናንባ ወደ ገበያ ወጣች። ሻርማርኬ «ይቅር፣ ይበቃል» እያለ ከኋላዋ ነው፤ አልሰማችውም። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ሻይ ቤት ጀመረች። ሻርማርኬ ሌባ እንዳልሆነ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ባትሪውን የገደለው ማን ነው?» አሏት።

«እኔ» አለች። ድምፅዋ አልወጣም፤ ደግማ ማለት ነበረባት።