ክሎሩን ማን በላው?

ባለቤቴ ጌታቸው ዋና አይችልም፤ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ያለውን ባለመዋኛ ቤት ካልገዛን ብሎ ያስቸገረኝ ግን እሱ ነው። ገንዳውን እንደ ጌጥ ነበር የሚያየው። እኔ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ለሴቶች አደረግኩት። የኢስትሊ ነጋዴዋ ጓደኛዬ ኩለሱም ወንድ በሌለበት የምትዋኝበት ቦታ አጥታ ስትፈልግ ኖራለች። ሐሙስ ሲመጣ የግቢው በር ይቆለፋል፤ ጌታቸውም ኪሊማኒ ወዳለው ምግብ ቤታችን ይባረራል።

ኩለሱም ደላላ ሁሉ የሚፈራት ሴት ናት፤ ዋና ሳስተምራት ውሃ ወገቧ ላይ ሲደርስ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አላስተነፍስ ትለኛለች። ቢሆንም ገንዳውን ከዳር ዳር ሳትሻገር ናይሮቢን እንደማትለቅ ምላለች። በወሩ መጨረሻ ከባሏ ጋር ጠቅልላ ሞያሌ ልትገባ ነው።

"እዚያ ለሴት ብቻ የሚሆን ገንዳ ከየት ይመጣል?" ትለኛለች። "ከዚያ ወዲያ የምዋኘው በሕልሜ ነው።"

በዚህ መሃል ነው ክሎሩ መጥፋት የጀመረው። ጠዋት ጨምሬ በብልቃጥ ውሃ ቀድቼ የመመርመሪያውን ጠብታ ሳንጠባጥብበት ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ስሞክረው ምንም ቀለም የለውም። ብጨምር ያው፣ ብጨምር ያው። ውሃው አረንጓዴ ማለት ሲጀምር ሐሙሳችንን ሰረዝኩ። ኩለሱም በስልክ "ግድ የለም" አለችኝ፤ ድምጿ ግን ግድ ነበረው።

"የጓደኞችሽ ሂናና የፀጉር ቅቤ ነው ክሎሩን የበላው" አለ ጌታቸው። "አፈር እንሙላበትና ሱኩማ እንትከል። ለምግብ ቤቱም ጎመን ከመግዛት እንገላገላለን።"

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከአንድ ግንበኛ ፉንዲ ጋር ስለ አፈር ጭነት ሲነጋገር ሰማሁትና ደሜ ፈላ። ባሌ ሥራ አላጣ፣ ከኩለሱም ሕልም ጋር ምን አጣላው?

መጀመሪያ ግድግዳውን ፈግፍጌ፣ ክሎሩን አብዝቼ ውሃውን አጠራሁት። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ቅቤ ከሆነ የሚበላው ሌሊትም ይበላል። ፀሐይ ከሆነች ግን ሌሊት የለችም። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ክሎር ጨምሬ፣ ፓምፑ ውሃውን በደንብ ካዟዟረው በኋላ መረመርኩ፤ ሮዝ። ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ያው ሮዝ ነው። ጌታቸውን ከነፒጃማው ጎትቼ አሳየሁት።

"ቅቤው ሌሊት ጾም ያዘ እንዴ?"

ብልቃጡን አገላብጦ አየና "ፀሐይቱ አምናም ነበረች እኮ" አለ። ለክርክር ያህል ነው የተናገረው፤ ግን እውነቱን ነው። አምና ያልነበረ ምን መጣ?

ተያይዘን መሃል ከተማ ወደሚገኝ የገንዳ ዕቃ መሸጫ ሄድን። ሻጯ ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ፣ ክሎርን ከፀሐይ የሚከልል ማረጋጊያ የሚባል ዱቄት እንዳለ ነገረችን። አንዴ ከገባ ከውሃው ጋር ይኖራል፤ የሚሄደውም ከውሃው ጋር ነው።

"ማማ፣ ውሃውን በቅርቡ ቀይራችኋል?" አለችኝ።

ጌታቸው መደርደሪያው ላይ ያሉትን የውሃ ጎማዎች እያገላበጠ ማየት ጀመረ።

ውሃውን የቀየረው እሱ ነው፣ በጳጉሜ። "አሮጌ ውሃ ይዘን አዲስ ዓመት አንቀበልም" ብሎ ገንዳውን እስከ ጠብታው አስፈስሶ በቦቴ ውሃ አስሞላ። ጎረቤቶቻችን ምን ነካቸው ብለው አይተውናል፤ እኔ ደግሞ ኮርቼበት ነበር። ከአሮጌው ውሃ ጋር ከለላውም ቱቦ ገብቶ ሄዷል።

"ታዲያ ክሎሩን ማን በላው?" አልኩት መኪና ውስጥ።

"መንገዱን ልይበት" አለኝ።

ዱቄቱን ግን በራሱ እጅ ነው የጨመረው። በገዛ ካልሲው ሞልቶ ውሃ በሚገባበት አፍ ፊት አንጠለጠለው፣ እስኪሟሟ ድረስም እየተመላለሰ ጨመቀው። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላም ስመረምር ሮዙ አልጠፋም። ደስ አለኝ፤ ይቅርም አልኩት።

የመጨረሻው ሐሙስ ደረሰ። ጌታቸው ወደ ምግብ ቤቱ አልሄድም አለ።

"ኩለሱም፣ ኩሽና ገብቼ በሩን ልዝጋና ድምፅ ብቻ ልስማ?" ብሎ ለመናት።

"በሩ ከተዘጋ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ጋሽ ጌታቸው" አለች እየሳቀች።

ኩለሱም ቢስሚላህ ብላ ዳሩን ለቀቀች። መሃል ላይ ውሃ ጠጣች፣ ሰመጥ አለች። እጄን ስዘረጋላት በጥፊ መታ መለሰችው። አይኗን ጨፍና እየተንፈራገጠች ሄደች፣ ሄደች፣ ዳሩን ያዘች። እልልታውን አቀለጥኩት።

"ደረሰች?" ሲል ጮኸ ጌታቸው ከኩሽና።

"ደረሰች!"

ጭብጨባው በተዘጋው በር በኩል መጣ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"እህተማርያም... እኔንስ ታስተምሪኛለሽ?" አለ።

ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ እፈልጋለሁ ብሎኝ አያውቅም። ኩለሱም ገና ዳሩን እንዳቀፈች፣ ፊቷ ላይ ያለውን ውሃ ጠረገችና ቀደመችኝ።

"ታስተምርዎታለች፣ ጋሽ ጌታቸው። እኔን ካስተማረች ማንንም ታስተምራለች።"