ነጩ ድንጋይ ያለቀበት

ማክዳ እንግሊዝ አገር ኮሌጅ ገባች ሲባል አባቷ አቶ ደገፉ አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ኮሌጅ መውረድን ምን አመጣው? እሳቸው የሚያውቁት ኮሌጅ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከጫማ ቤቱ በላይ፣ ፎቅ ላይ ያለውን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቅቤ ነግደው ያስተማሯት ለዚህ ነበር? ጎረቤታቸው ኑሪ፣ ባለ ሱቁ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ሊላቸው ሲመጣ «አይ፣ ለአጭር ሥልጠና ነው» ብለው ዋሹት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው!

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ያስከፋቸው ኮሌጁ አልነበረም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት የቀረችው ማክዳ ብቻ ናት። ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ የእሳቸው ልብ ደግሞ ዳገት መጥላት ጀምሯል። ይህን አፍ አውጥተው ከሚናገሩ ኮሌጁን ማንቋሸሽ ቀለላቸው። ማክዳም ግትር ናት፤ «አባባ ሳይመርቀኝ አልሄድም» ብላለች። ለኮሌጁ መልስ የምትሰጠው ነገ ነው።

ከቸርች መልስ ላፕቶፗን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንዴ ብቻ እይልኝ።»

«ምኑን? ፎቁን?»

«እይ እስቲ።»

ቪዲዮ ከፈተችላቸው። የኮሌጁ በር ብቻውን ቤተ መንግሥት ያክላል። ከበሩ ወዲያ ሰፊ ግቢ፣ በግቢው መካከል የተላጨ የሚመስል ሣር። ሣሩን መርገጥ የሚፈቀደው ለመምህራን ብቻ ነው ስትላቸው «ለከብትስ?» ብለው ሊቀልዱ አሰቡና ተዉት። ቪዲዮው የኮሌጁ ጸሎት ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር።

አቶ ደገፉ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው ወጥተው፣ ወጥተው፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ጓሯቸው እንሰት ይዘረጋሉ። ቅጠሉ ከቅጠሉ ተገናኝቶ ጣሪያ ሆኗል። ሁሉም ድንጋይ ነው። ሰውነታቸውን ወረራቸው። ጌታ ሆይ፣ የሰው እጅ ይህን ያህል ይችላል?

«ይሄ እንዴት አይወድቅም?» አሉ በሹክሹክታ፤ እዚያው የቆሙ መስሏቸው ነበር።

«አምስት መቶ ዓመት አልወደቀም። ኮሌጅ የሚሉት ይሄንን ነው፣ አባባ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ስብስብ ነው።»

አልሰሟትም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ከታች ነጭ ነው፣ ከላይ ወደ ቡናማ ይሄዳል።

«እዚህ ጋ መልኩ ለምን ተለየ?»

«ያስጀመረው ንጉሥ ግንባታው እዚያ ሲደርስ ዙፋኑን ተቀማ፤ ሞተም። ግንበኞቹ ተበተኑ። ግድግዳው ያለ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው ኖረ። በኋላ የመጡ ነገሥታት ከሌላ ቦታ ድንጋይ አስመጥተው ጨረሱት።»

«ነጩን የደረደሩትስ? ጣሪያውን አላዩም?»

«አንዳቸውም አላዩም።»

አቶ ደገፉ ወደ ነጩ ድንጋይ ጠጋ አሉ። ለማያዩት ጣሪያ ግድግዳውን እንዲህ አጥብቀው ሠሩት! እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

«ኮሌጁን ጠላሁት ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ ልጄ። ስትመለሺ የማልቆይሽ መስሎኝ ፈርቼ ነው።»

«አባባ፣ እንደሱ አትበል።»

«ላልቆይም እችላለሁ። ነይ፣ ተንበርከኪ።»

እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ማክዳ ጉልበቷ ላይ ሆና ጠበቀች።

«ጌታ ሆይ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ እስከዚህ አድርሻታለሁ። የቀረውን አንተ ጨርስ።»